ማዞሪያው «ሎክ» ላይ ነው፣ ጎማው ግን አይዞርም

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ባደረበት ማግስት አንድ አጭር ግን ጭቃ የበዛበት ዳገት ላይ መኪናዬ ቆመች። ከመግባቴ በፊት ማድረግ ያለብኝን ሁሉ አድርጌ ነበር፤ ወርጄ የሁለቱንም የፊት ጎማዎች ሀብ (በጎማው መሃል ሆኖ ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘውንና የሚለያየውን ክፍል) ማዞሪያ «ሎክ» ላይ አዙሬያለሁ፣ የትራንስፈሩን (የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ማርሽ 4ኤች፣ ማለትም በአራቱም ጎማ መንጃው ላይ አስገብቻለሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የፎር ዊል መብራትም በርታለች። ነዳጅ ስሰጥ ግን የኋላ ጎማዎች ብቻ ጭቃውን እየፈተጉ ወደ ታች ቆፈሩ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ወርዶ ከጎን ሲመለከት ቆየና በመስኮቱ በኩል «ፊተኞቹ ንቅንቅ አላሉም» አለኝ። እኔም «መብራቱ እኮ በርቷል» አልኩት፤ ዛሬ ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ መልስ ነው። መኪናዋን ያወጣናት በአካፋና በድንጋይ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ለፍተን ነው።

ብዙ ሰው እንደ እኔ ያችን መብራት አይቶ ይረካል። መብራቷን የሚያበራት ማብሪያ ግን የተተከለው ትራንስፈሩ ላይ ነው፤ የምትነግረንም ትራንስፈሩ ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ከኋለኛው ጋር ማያያዙን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ኃይሉ በዚያው ዘንግ ማለትም በፕሮፔለር ሻፍቱ፣ ለግራና ለቀኝ በሚከፍለው የፊት ዲፈረንሻልና ወደ ጎማዎቹ በሚሄዱት ዘንጎች ማለትም በግራና ቀኝ አክስሎች አልፎ ጎማው ዘንድ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው ሀቡ ሲሆን፣ በእጅ በሚዞር ሀብ ላይ ይህን ለሹፌሩ የሚናገር መብራትም ሽቦም የለም። ማዞሪያው ላይ ያለው ቀስትም ቢሆን የሚያሳየው እጃችን ያደረገውን እንጂ ውስጥ ያለው ጥርስ ያደረገውን አይደለም። ስለዚህ ሀቡ መያዙን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጎማውን አዙሮ ዘንጉን ማየት፣ ወይም ዘንጉ በተያዘበት ጎማውን ለማዞር መሞከር ይኖርበታል።

የሀቡ አሠራር በራሱ ውስብስብ አይደለም። የፊት ጎማ በኩሽኔታዎቹ ላይ ይዞራል፤ ከዲፈረንሻሉ የሚመጣው አክስል ደግሞ በመካከላቸው አልፎ ጫፉ ሀቡ ውስጥ ይገባል። ማዞሪያው «ፍሪ» ላይ ሲሆን እነዚህ ሁለቱ አይገናኙም፤ ጎማው ሲዞር አክስሉ ባለበት ይቆማል። «ሎክ» ላይ ሲሆን በሞላ የሚገፋ ባለ ጥርስ ቀለበት ተንሸራቶ አክስሉን ከሀቡ አካል ጋር ያቆራኛል። ነገሩ የቆየ ነው፤ ዛሬ በዊንች የሚታወቀው ዋርን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው፣ ከጦርነቱ የተረፉ ጂፖች አስፋልት ላይ ሲሄዱ የፊት አክስላቸውን በከንቱ እንዳያዞሩ በሚያደርግ ሀብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅርጹና ብረቱ ተሻሽሏል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ከሁለቱ ሀቦች አንዱ ብቻ ቢበላሽ የፊቱ ኃይል ግማሹ ይቀራል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። የሚቀር ነገር ግን የለም። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም አክስሎች የሚሰጠው ጉልበት እኩል ነው፤ አንደኛው ጎማ ሳይጎትት ባዶውን ከተሽከረከረ ለሌላኛው የሚደርሰው ጉልበትም የዚያኑ ያህል ከምንም የማይቆጠር ይሆናል። በዚህም ምክንያት ሀቡ ያልያዘው አክስል ብቻውን ሲሽከረከር የደህናው ወገን ጎማ ቆሞ ይቀራል። የፊት ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍ ዓይነት ካልሆነ በቀር የአንዱ ሀብ ብልሽት ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ሥራ ያስፈታል። በጭቃው ውስጥ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ቆመው ማየታችን፣ ሁለቱም ሀቦች ተበላሽተዋል ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

በሳምንቱ መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ረዳቱን መሪው ላይ አስቀምጦ በ4ኤች ቀስ እያለ ወደ ፊት እንዲሄድ አዘዘውና ራሱ ከጎን ተንበርክኮ ወደ ሥር ተመለከተ። የፊት ፕሮፔለር ሻፍቱ ሲዞር አየ፤ «ይሠራል፣ ምንም የለበትም» ብሎም አሰናበተኝ። ይህ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ትራንስፈሩ 4ኤች ላይ እስካለ ድረስ የፊት ፕሮፔለር ሻፍት ሀቦቹ ቢይዙም ባይይዙም፣ ሌላው ቀርቶ ሁለቱም ሀቦች ተፈትተው መሬት ላይ ቢቀመጡም መዞሩ አይቀርም፤ የሚያዞረው ትራንስፈሩ ነውና። በዚያ መልክ የተፈተሸው ትራንስፈሩ እንጂ ሀቡ አይደለም። ሀብን በፕሮፔለር ሻፍት ለመፈተሽ ትራንስፈሩ 2ኤች፣ ማለትም በኋላ ጎማዎች ብቻ መንጃው ላይ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ሻፍቱን ሊያዞረው የሚችለው ከመሬት በጎማው፣ ከጎማው በሀቡ በኩል የሚመጣው ኃይል ብቻ ይሆናል።

እኔ አሁን ሁልጊዜ የምጀምረው በዚህ ነው፤ ክሪክ እንኳ አይፈልግም። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሜ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ካምቢዮውን ዜሮ፣ ትራንስፈሩን 2ኤች ላይ አደርጋለሁ፣ ሁለቱንም ሀቦች «ሎክ» ላይ አዞራለሁ። የፊት ፕሮፔለር ሻፍቱ ጎን ላይ በጠመኔ አንድ ወፍራም መስመር አሰምርበታለሁ። ከዚያ መኪናዋ እንድትቆምበት ከምፈልገው ቦታ ላይ ታኮ አስቀምጬ፣ አንድ ሰው መሪው ላይ ፍሬን ይዞ እየጠበቀ፣ ሌሎቻችን ከኋላ ግማሽ ሜትር ያህል እንገፋታለን። መኪናዋ በምትንቀሳቀስበት ጊዜ ማንም ከሥር እጁንም ራሱንም አያስገባም፤ የምናየው ከቆመች በኋላ ነው።

ጥቂት ስሌት ምን ማየት እንዳለብን ይነግረናል። ጎማው ከላይ እስከ ታች ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንዴ ሲዞር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። የዲፈረንሻሉ ሬሾ 4.1 ከሆነ ሻፍቱ ጎማው አንዴ ሲዞር ከአራት ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ መኪናዋ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ስትሄድ ሻፍቱ አንድ ሙሉ ዙር ይጨርሳል። 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብትገፋም መስመሩ ከላይ ወደ ታች ይገለበጣል። እንዲህ ከሆነ ሁለቱም ሀቦች ይዘዋል። መስመሩ ባለበት ከቀረ ግን ቢያንስ አንዱ አልያዘም፤ ምክንያቱም አንዱ ብቻ ሲይዝ እንቅስቃሴው ከበድ የሚለውን ሻፍት ትቶ በዲፈረንሻሉ በኩል ወደ ባዶው አክስል ይሻገርና እርሱን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። መስመሩ አልተነሳም ብሎ ከመደምደም በፊት ግን አንድ ነገር መታየት አለበት። ማዞሪያው ሲዞር የቀለበቱ ጥርሶች ከአክስሉ ጥርሶች ጋር ፊት ለፊት ገጥመው ከሆነ ሞላው ሊያስገባቸው የሚችለው ጎማው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ስለዚህ መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ማንቀሳቀስና እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

የእኔዋን በዚህ መልክ ስፈትሻት መስመሩ አልተነቃነቀም። አንዱ እንዳልያዘ አወቅሁ፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ክሪክ ግድ ነበር።

አንዱን የፊት ጎማ ከማንሳቴ በፊት የእጅ ፍሬኑን ይዣለሁ፣ የኋላ ጎማዎችን በፊትም በኋላም በታኮ አስጨንቄያለሁ፣ ካነሳሁም በኋላ ክሪኩን ብቻ ሳላምን ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ አስገብቻለሁ። ትራንስፈሩ 2ኤች፣ የተነሳው ጎማ ሀብ «ፍሪ» ላይ ሆኖ ጎማውን በእጅ አሽከረከርኩት። ደህና የሆነ ጎማ በዚህ ጊዜ ቀለል ብሎ ይዞራል፤ ከፍሬን ሸራው ፉጨት መሰል ድምፅ በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም። ከዚያ ማዞሪያውን «ሎክ» ላይ አድርጎ ጎማውን በዝግታ ማዞር ነው። ጥርሱ ሲገባ «ጠቅ» የሚል ነገር በእጅም በጆሮም ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ጎማው ይከብዳል፣ ቢገፉትም ቶሎ ይቆማል፣ ከዲፈረንሻሉ በኩልም የዘይትና የማርሽ ድምፅ ይመጣል። የግራና የቀኝ የፊት እግሩ ለየብቻ በሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ከሲቪው (ከሚተጣጠፈው መገጣጠሚያ) ጋር ያለው አክስል በዓይን ስለሚታይ ክርክር የለውም፤ ከጎማው ጋር ከዞረ ይዟል፣ ካልዞረ አልያዘም። አክስሉ በወፍራም የብረት ቱቦ ውስጥ በተሸፈነበት መኪና ላይ ግን የሚታይ ነገር ስለሌለ ነገሩ በእጅ ስሜት ላይ ይወድቃል፤ እኔ ደግሞ በእጄ ስሜት ብቻ መለዋወጫ አልገዛም።

ለዚህ የሚሆነው ሁለተኛው ሙከራ ነው። ጎማው እንደተነሳ፣ መሬት ላይ ያለው የሌላኛው ወገን ሀብም «ሎክ» ላይ እንዲሆን አድርጎ ትራንስፈሩን 4ኤች ላይ ማስገባት። እዚህ ጋ ያቺ የወቀስኳት መብራት ትጠቅማለች፤ ትራንስፈሩ በትክክል መግባቱን የምታረጋግጠው እርሷ ናት። አሁን ፕሮፔለር ሻፍቱ በትራንስፈሩ በኩል በኋላ ጎማዎች ተይዟል፣ የወዲያኛው አክስል ደግሞ መሬት በረገጠው ጎማ ተይዟል። ሁለቱም ሀቦች ከያዙ የተነሳው ጎማ የሚሄድበት የለውም፤ በየማርሹ መካከል ያለውን ክፍተት ያህል ነቃነቅ ይልና ግጭ ብሎ ይቆማል። ዙሩን ቀጥሎ ከሄደ አንዱ አልያዘም ማለት ነው። ያልያዘው የተነሳው ጎማ ሀብ ከሆነ በ«ፍሪ» እና በ«ሎክ» መካከል ምንም የክብደት ልዩነት አይኖረውም። ልዩነት ካለው ደግሞ ጥፋቱ ከወዲያኛው ወገን ነው። እኔ የቀኙን ሳነሳ በ«ሎክ» ላይ በግልጽ ከበደ፣ ነገር ግን በ4ኤች ላይ እንኳ መዞሩን አላቆመም። የግራውን ሳነሳ «ፍሪ» ነው «ሎክ» ነው ሳይል አንድ ዓይነት ቀለለ። ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በአንድ ላይ በአስተማማኝ መደገፊያ ላይ ማንሳት ለሚችል ሰው ሌላ ደስ የሚል መንገድ አለ። በ4ኤች፣ ሁለቱ ሀቦች «ሎክ» ላይ ሆነው፣ አንዱን ጎማ ወደ ፊት ሲያዞሩ ሌላኛው በራሱ ወደ ኋላ መዞር አለበት። ወዲያኛው ዝም ካለ አንዱ አልያዘም። ለልጅም ለአዋቂም ለማሳየት የሚመች ሙከራ ነው፤ ዲፈረንሻል ምን እንደሚሠራ እኔ በቅጡ የገባኝ በዚህ ነው።

በ4ኤች ጠባብ ዙር ተዙሮ መኪናው «ሲጎተት» ከተሰማ ሀቦቹ ይዘዋል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ የፊትና የኋላ ጎማዎች በዙር ላይ የሚሄዱት ርቀት ስለማይመሳሰል መኪናው ራሱን በራሱ ይይዛል። ይሁንና ደረቅ አስፋልት ላይ ይህን ማድረግ አክስሉንና ትራንስፈሩን ማስጨነቅ ነው፤ ለስላሳ ጠጠር ላይ ደግሞ ጎማው ስለሚንሸራተት ስሜቱ ይደበዝዛል። እኔ እንደ ማረጋገጫ አልቆጥረውም።

የግራው ሀብ እንዳልያዘ ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ ጥፋቱ ከማዞሪያው ክዳን ነው ወይስ ከዚያ ወዲያ ካለው የሚል ነበር። ሀቡ ደህና ሆኖ አክስሉ ወይም ሲቪው ውስጥ ተሰብሮ ቢሆን፣ ወይም የአክስሉን ጫፍ የሚይዘው ቀለበት ወልቆ አክስሉ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ቢሆን አዲስ ሀብ መግዛት ምንም አይጠቅምም። በብዙ መኪኖች የግራና የቀኝ ክዳኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ መለየቱ ቀላል ነው። ስድስት ስድስቱን ትንንሽ ቡሎኖች ፈትቼ ክዳኖቹን አለዋወጥኳቸውና ሙከራውን ደገምኩት። ጥፋቱ ከክዳኑ ጋር ወደ ቀኝ ተዛወረ፤ አክስሉም ሲቪውም ከጥርጣሬ ነፃ ወጡ።

ክዳኑን ገልብጬ ባለ ጥርሱን ቀለበት በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ደህናው ቀለበት ሲገፉት ሸርተት ብሎ ይገባል፣ ሲለቁትም በሞላው ተገፍቶ ብን ብሎ ይመለሳል። ይኼኛው ገብቶ እዚያው ቀረ። ማዞሪያውን «ሎክ» ላይ ባደርገውም ቀለበቱ ካለበት አልተነሳም፤ ማዞሪያው ራሱ ያለ ችግር ስለሚዞር ግን ከውጭ ምንም አያስታውቅም ነበር። ውስጡ በግራሶ ተጠቅጥቋል፤ ግራሶውም ከዕድሜ ብዛትና ከገባበት ውኃ የተነሳ ቡናማ ሆኖ እንደ ሰም ደርቋል። ቀደም ሲል የፊት ኩሽኔታዎቹን ያደሰ ሰው «ይብዛለት» ብሎ የሞላው መሆን አለበት። ለኩሽኔታ የሚገባው የግራሶ መጠን ለሀብ አይገባም። የሀቡ ሞላ ደካማ ነው፤ ሥራው ቀለበቱን መግፋት እንጂ ግራሶ ማንቀሳቀስ አይደለም።

መድኃኒቱ ከሐኪሙ ቀለለ። ክፍሎቹን በናፍጣ አጥቤ አደረቅኳቸው፣ የሞላውን ቅርጽና የጥርሶቹን ጠርዝ አየሁ፤ ጠርዛቸው የተበላ ጥርሶች ቢይዙም ጭነት ሲመጣ ስለሚያመልጡ እዚህ ላይ መሳሳት አይገባም። ደግነቱ አልተበሉም ነበር። ከማዞሪያው ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ግን ተሰንጥቃ ስለነበር ቀየርኳት፤ ውኃው የገባው በእርሷ በኩል ነው። ስስ ግራሶ በጣቴ ቀባ ብቻ አድርጌ፣ አዲስ ጋስኬት አስገብቼ፣ ቡሎኖቹን ተራ በተራ ሳይሆን በመስቀል አቅጣጫ አጠበቅኳቸው። ከዚያ ቀለበቱ በጣቴ ስገፋው ብን ብሎ ተመለሰ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ብልሽትም አለ፤ ሀቡ «ፍሪ» ቢባልም አይለቅም። ምርመራው ያው ነው፤ ትራንስፈሩ 2ኤች፣ ሀቦቹ «ፍሪ»፣ ጎማው ተነስቶ ሲዞር አክስሉ መቆም አለበት። ሁልጊዜ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ጠንካራ መሬት ላይ በ4ኤች ከተነዳ በኋላ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተጨናንቀው ይቀራሉ። መሪውን ቀጥ አድርጎ፣ ትራንስፈሩን ወደ 2ኤች መልሶ፣ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በፒንሳ ወይም በቁልፍ ማዞሪያውን ማስገደድ ግን አይገባም፤ ማዞሪያው የተሠራው ለጣት ነው፣ የሚሰበረውም በዚያ ነው። አልፎ አልፎ በ«ፍሪ» ላይ ሆኖም የፊት ሻፍቱ በዝግታ ሲዞር ይታያል። ይህ ብዙ ጊዜ ትራንስፈሩ ውስጥ ያለው ዘይት የሚያመጣው መጎተት ስለሆነ አያሳስብም።

ሀቡ እንዳይደርቅ ዋናው ነገር መጠቀም ነው። የአንዳንድ ቶዮታ መኪኖች የባለቤት መመሪያ የፊት ክፍሎቹ ቅባት እንዲያገኙ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል መንዳትን ይመክራል። ልቅ መሬት የማያገኝ ሰው ሀቦቹን «ሎክ» አድርጎ ትራንስፈሩን ግን 2ኤች ላይ ትቶ አስፋልት ላይ ቢነዳ የፊት አክስሎቹና ዲፈረንሻሉ ይዞራሉ፣ ትራንስፈሩም አይጨነቅም። እኔ የወር ተራዬን የምወጣው በዚህ ነው።

ክዳኑን መልሼ ካሰርኩ በኋላ መኪናዋን ሜዳው ላይ አቁሜ የጠመኔውን መስመር በአዲስ አሰመርኩ። ጓደኛዬ ከኋላ ገፋ፣ ታኮው ላይ ደርሳ ቆመች። ተንበርክኬ ስመለከት መስመሩ የለም። በስልኬ መብራት እየፈለግሁ እጄን ከሻፍቱ ሥር ብሰደው ጣቴ ነጭ ሆኖ ወጣ።